ዲግሪ ያለው ወንበር

የምነግራችሁ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ውሸት ከሆነ፣ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት የሆናት አክስቴ ትሙት። ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልማልላችሁ? ጅብ መነጽር አድርጎ ማስታወቂያ ሰሌዳችንን ሲያነብ አየሁ ብዬ ሳወራ ያላመናችሁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሱ ሌላ ነገር ነው። ይኼኛው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው።

በግንቦት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ዕለት ሕልም አየሁ። ሌላው ሰው ሕልሙን የሚያየው ሌሊት ነው። እኔ ግን የትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝና ሌሊት አልተኛም። ይተኛል የሚል ካለ፣ እሱ ራሱ በዚያ ሰዓት አጥራችን ላይ ምን ይሠራ እንደነበር መጀመሪያ ይንገረን። ስለዚህ የእኔ ሕልም የሚመጣው በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ጥላዬ እባላለሁ። የውርጭ አምባ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛም ደወል ደዋይም ነበርኩ። ደወል ስላችሁ የቤተ ክርስቲያን ደወል እንዳይመስላችሁ፤ ግቢው ውስጥ ባለው የጽድ ዛፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመቱት ገበያው ድረስ ይሰማል። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስድስተኛን ግን ሦስት ጊዜ ስለተማርኩት፣ በድምሩ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ማለት ነው።

አራተኛ ክፍል ያስተማረኝ ጋሽ ሸዋቀና ነው። ዛሬም አራተኛ "ለ"ን ያስተምራል፤ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ አልነበረውም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ማንም ሳይጠይቀው በርቀት ትምህርት ተመዘገበ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። እኔ ስጠይቀው "አንተ ዝም ብለህ ደውል" አለኝ። ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ዲግሪ የሌለው መምህር ክፍል አይገባም የሚል ደብዳቤ መጣና ነገሩ ከፍላጎት ወደ ግዴታ ዞረ። ሁሉንም ኮርስ ጨረሰ፤ አንድ የሳይንስ ኮርስ ብቻ አንቆ ያዘው። ሁለት ጊዜ ወደቀ። የዚያ ቅዳሜ ፈተና ሦስተኛው ነበር፤ አራተኛ ዕድል የለም። ከወደቀ ጠመኔውን ያስረክብና የንብረት ክፍል ቁልፍ ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ ጡረታው እስኪደርስ ከመጥረጊያና እግሩ ከተሰበረ ዴስክ ጋር ነው የሚውለው።

የወደቀው ደግሞ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጠንቁ እጁ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፈ እጅ ወረቀት ላይ አሳንሶ መጻፍ አይሆንለትም። ጋሽ ሸዋቀና "ሀ" ብሎ ሲጽፍ ድመት ታክላለች። አንድ ገጽ ሦስት መስመር ከያዘለት ጥሩ ነው። ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር ቀና ይልና "ገባችሁ?" ይላል። የሚመልስለት ሲያጣ፣ አልገባቸውም ብሎ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ባለፈው ፈተና ላይ፣ የጥያቄው ወረቀት ራሱ የፊደል ስሕተት አለበት ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሲያርም ሃያ ደቂቃ በላ። ሁለቱንም ጊዜ ግማሹ ላይ ሳለ ተደወለበት። የደወልኩትም እኔ ነኝ።

ፈተናው በርቀት ለሚማሩት መምህራን ሁሉ የሚሰጠው እዚያው እኛ ግቢ ነው። ፈታኙ ከሩቅ የሚመጣ ናሆም የሚባል ክራቫት ያሰረ ጎረምሳ ነበር። ደንብ ይወዳል። ሞባይልና የእጅ ሰዓት የተባለን ሁሉ፣ የራሱንም ጨምሮ፣ ካርቶን ውስጥ ሰብስቦ ዳይሬክተሯ ቢሮ አስቆለፈ።

"እዚህ ግቢ ውስጥ ያለው ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጥላዬ ደወል ነው። ከደወሉ በፊት የሚወጣ የለም፣ ከደወሉ በኋላ የሚጽፍ የለም" አለ።

ደረቴ ትንሽ እንደተነፋ አልደብቅም። ሰዓት ያሰርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሽ ሸዋቀና ከመግባቱ በፊት ጽዱ ሥር መጣ።

"ጥላዬ።"

"አቤት ጋሼ።"

"አምስት ሰዓት ላይ ነው አይደል?"

"አምስት ሰዓት ላይ ነው።"

"እንደ ወትሮህ አጥብቀህ አትምታው እባክህ። ልቤ ይዘላል።"

ገባ። የተመደበው የራሱ ክፍል ውስጥ ነው፤ የገዛ ተማሪዎቹ ዴስክ ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደርሶ ተቀመጠ። ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ከዚያ ጀርባዬን ለጽዱ ሰጥቼ፣ ብረቱን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ፊቴን ለፀሐይ አዞርኩ።

መጀመሪያ ቸርኬው ተናገረ።

"ጥላዬ፣ ተነስ። ልደውልህ ነው።"

ብረቱን ከጭኔ ላይ አነሳና አናቴን ሦስት ጊዜ መታኝ። ድምፄ ገበያው ድረስ ተሰማ። ወዲያው በሩ ተበረገደና መምህራኑ እየሮጡ ገቡ። ሁሉም ሰማያዊ ሹራብና ቁምጣ ለብሰዋል፤ ቦርሳቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለዋል፤ ምሳቸውን በፌስታል ይዘዋል። ተማሪዎቹ ደግሞ ኮትና ክራቫት አድርገው፣ አርጩሜ ይዘው፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው ይጠብቋቸዋል።

"ጥፍር" አለ አንዱ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ።

መምህራኑ ተሰልፈው እጃቸውን ዘረጉ። የሒሳቡ መምህር ጥፍር ሥር ጠመኔ ተገኘ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ጠመኔ ነው ጌታዬ።"

"ነገ ወላጅህን ይዘህ ና።"

"እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ መሄድ አትችልም።"

"አዝለሃት ና።"

የሒሳቡ መምህር እናቱን ሊያመጣ ሄደ። ማንም አልተገረመም። እኔም አልተገረምኩም፤ እንዲያውም ለምን እስከ ዛሬ እንዲህ እንዳልተደረገ ነው የገረመኝ።

ከሰልፉ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ እግሯን አንጠልጥላ የተቀመጠችው የሁሉ አለቃ፣ ዲኗ ነበረች። አወቅኋት። ምንትዋብ ናት፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ። በእውኑ ዓለም ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች። በሕልሜ ግን ያኔ አራተኛ "ለ" ሳለች እንደነበረችው ሆና፣ የሚወዛወዝ ጥርሷን በምላሷ እየገፋች ነበር።

"ቀጣይ" አለች። "ለምን ትማራለህ?"

ቀድሞ የቀረበው የስፖርት መምህሩ ነው።

"ደረጃዬ እንዲያድግ።"

"ደረጃውን አምጡለት" አለች።

ስምንት መወጣጫ ያለው የእንጨት ደረጃ አመጡለት። አንድ እግሩን ሲያሳርፍበት ዘጠኝ ሆነ። ሁለተኛውን ሲያነሳ አሥራ ሁለት ሆነ። ደረጃው እያደገ እሱ እየወጣ፣ በመጨረሻ የሚታየን የጫማው ሶል ብቻ ሆነ።

"መውረጃው የት ነው?" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

"መውረጃ የለውም። እድገት ነው" አለች ዲኗ። "ቀጣይ።"

የእንግሊዝኛዋ መምህርት ቀረበች።

"እውነቱን ልናገር? ከማስተማር ለመውጣት ነው የምማረው። ቢሮ ገብቼ በሬን መዝጋት እፈልጋለሁ።"

ዲኗ አልተቆጣችም። መስኮት አስመጣች። ቤት የሌለው፣ ለብቻው የቆመ መስኮት ነው። መምህርቷ ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች፤ በወዲያኛው በኩል ሰማንያ ልጆች ብድግ ብለው "እንደምን አደሩ መምህርት" ሲሉ ሰማን። ተመልሳ ልትወጣ ብትሞክር መስኮቱ ሰሌዳ ሆኗል።

ሦስተኛው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ በእውንም ስላለ።

"ያስተማርኩት ልጅ አለቃዬ ሆኖ መጣ" አለ። "'መምህር፣ እርስዎ እኮ ነዎት ፊደል ያስቆጠሩኝ' ብሎ አቅፎ ሳመኝ። ከሳመኝ በኋላ እንድፈርም ወረቀት ሰጠኝ። የዚያን ቀን ማታ ሄጄ ተመዘገብኩ።"

ዲኗ ጥርሷን መግፋት አቆመች። "ዲግሪውን ለኩት" አለች።

የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ነርስ ቴርሞሜትር ብብቱ ሥር ከተተችለት። አውጥታ ወደ ብርሃን አዞረችው።

"ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ።"

"ለአንድ ሰው ሠላሳ ዘጠኝ? ማስተርስ ሳይሆንበት አይቀርም። ቶሎ ጤና ጣቢያ አድርሱት፣ ወደ ዶክትሬት ከተለወጠ አይተርፍም።"

በቃሬዛ ወሰዱት። ከዚያ ጋሽ ሸዋቀና ቀረበ። ቁምጣው ውስጥ ጉልበቱ እንደ ሁለት ሽማግሌ ጎን ለጎን ቆሟል። ነርሷ ለካችው፤ ቴርሞሜትሩን አራገፈችና እንደገና ለካችው።

"ዜሮ።"

"ሞቷል እንዴ?"

"አልሞተም፣ ዲፕሎማ ነው።"

"ለምን ትማራለህ?" አለችው ዲኗ።

ጋሽ ሸዋቀና ዙሪያውን ቃኘ። "ሰሌዳ ይኖርዎታል?" አላት።

"አፍህ የት ሄደ?"

"አፌ መጠየቅ ነው የለመደው። መልስ ሲሉት ይደርቃል።"

"እንግዲያው በጽሑፍ ትመልሳለህ። ደወል እስኪደወል ድረስ ጊዜ አለህ። ካልጨረስክ አራተኛ 'ለ'ን ለእሱ አስረክብ" ብላ በአርጩሜዋ አመለከተች።

ወንበር ነበር። ቡናማ፣ ቆዳ የለበሰ፣ የሚሽከረከር፣ ክንዱ የተላላጠ ወንበር። ሲጥጥ እያለ ወደ መሐል ገባ፣ አንድ ዙር ዞረና ቆመ።

"ይኼ ደግሞ ምን ዲግሪ አለው?" አልኩ፤ ቀድሞም አፌ አያርፍም።

"አርባ ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጧል" አለች ዲኗ።

"ተቀመጡበት እንጂ እሱ መች ተቀመጠ?"

"ልዩነቱን አስረዳ።"

አሰብኩ። ጎንበስ ብዬ የወንበሩን እግሮች ቆጠርኩ።

"እኔ ላይ ሳይቀመጥ ዶክተር የሆነ የለም" አለ ወንበሩ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው።

"እሺ፣ ልጆቹን ምን ብለህ ታስተምራቸዋለህ?" አለው ጋሽ ሸዋቀና።

"ዝም እላለሁ።"

"እነሱስ?"

"እነሱም ዝም ይላሉ። በዓመቱ መጨረሻ ሁላችንም ዝም ብለን እናልፋለን።"

በአራተኛ "ለ" መስኮት አርባ ሦስት ራሶች ብቅ ብለው ይህን ሰሙና ተመልሰው ወደ ታች ሰመጡ። ጋሽ ሸዋቀና አያቸው። ከዚያ እጄን ይዞ "ወረቀት እንፈልግ" አለኝ።

ዘወር ስንል ገበያ ውስጥ ነን። አጥራችን ሥር ሽንኩርት የምትሸጠው እትዬ ዘነቡ ሽንኩርቱን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ከፊት ለፊቷ ጥቅል ዲግሪ እንደ ቃሪያ መደብ መደብ አድርጋ ደርድራለች። ሻጮቹ ሁሉ ተነስተው በገዢ ፊት ተሰልፈዋል፤ ገዢው ደግሞ ተቀምጦ "ዛሬ የለም፣ ነገ ተመለሱ" ይላቸዋል።

"እትዬ ዘነቡ፣ አንድ ዲግሪ ስጪን" አልኳት።

"ዲግሪ አልሸጥም።"

"ታዲያ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ለምርቃት ነው። ሽንኩርት ግዙኝና እላዩ ላይ አንድ እመርቅላችኋለሁ። ትልልቆቹም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ መጀመሪያ ያሸክሙሃል፣ ኋላ ይመርቁሃል።"

"ሽንኩርት ዓይኔን ያቃጥለኛል" አለ ጋሽ ሸዋቀና።

"ሳያለቅስ የተመረቀ አይተህ ታውቃለህ?"

አንድ ዘንቢል ተሸከመ። እንባው በሁለት ጉንጩ እየወረደ "በይ መርቂልኝ" ብሎ ዘንቢሉን ዘረጋ። እትዬ ዘነቡ ወደ መደቡ እጇን ስትሰድ ንፋስ መጣና ጥቅሎቹን ጠራርጎ ይዟቸው ሄደ። አንዱ የእረኛ ውሻ አፍ ውስጥ ገባ፤ ውሻው ወዲያው መጮኹን ትቶ "በመሠረቱ" ማለት ጀመረ።

"አለቀብኝ የኔ ወንድም" አለች። ከልቧ አዝናለች። "በርበሬ የምጠቀልልበት ባዶ ወረቀት ነው የቀረኝ። እሱን ልመርቅልህ?"

"እሱን ነው የፈለግሁት" አላት።

ወረቀቱን ሲቀበላት ገበያው ክፍል ሆነ። ጋሽ ሸዋቀና ዴስኩ ላይ ነው፣ ዲኗ ሰሌዳው ሥር፣ ወንበሩ በሩ አጠገብ። ናሆም ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ቁልቁል እየተራመደ ይፈትናል፤ ክራቫቱ ወደ ላይ ተገትሯል፣ ለእሱ ላይ ማለት ታች ከሆነ።

ጋሽ ሸዋቀና መጻፍ ጀመረ። አንዷ "ም" ብቻ ወረቀቱን ሞላችው። "ን"ን ዴስኩ ላይ ጻፋት። "ት"ን ግድግዳው ላይ። እኔ ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ አንድ በአንድ አነብለታለሁ።

"ምንትዋብ አራተኛ ክፍል ሳለች አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ" ይላል። ቀና አለና "ገባችሁ?" አለ።

እጁ ዓረፍተ ነገሩን እንደ አዲስ ሊጀምር ሲነሳ አየሁ።

"ገብቶናል ጋሼ፣ ቀጥል" አልኩ። እሱ ክፍል ውስጥ ገብቶኛል ብዬ ሳውቅ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

"'ጨረቃ በቀን የምትታየው ለምንድን ነው?' አለችኝ።" ይኼን ወለሉ ላይ ነው የጻፈው። "ገባችሁ?"

"ገብቶናል።"

"ነገ እነግርሻለሁ አልኳት።" ይኼ የእኔ ሸሚዝ ላይ ነው የተጻፈው፤ ከብብቴ እስከ ብብቴ። "ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ የእግዜር ሥራ ነው፣ ተቀመጪ እላት ነበር። የዚያን ቀን አፌ አልታዘዘኝም። ገባችሁ?"

"ገብቶናል።"

"ነገ ካልኳት አምስት ዓመት ሆነኝ። መንገድ ላይ ስታየኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። እኔ መንገድ እቀይራለሁ።"

"ገብቶናል" አልኩ፣ ሳይጠይቀኝ።

የዲኗ ጥርስ ወልቆ መዳፏ ላይ ነበር፤ እሱን ታያለች።

ያኔ ቸርኬው ከውጭ ተጣራ። "አምስት ሰዓት ሆነ። ደውለኝ።"

"ደውል" አለ ናሆም ከኮርኒሱ። "ደወል ከሌለ ሰዓት የለም። ሰዓት ከሌለ ፈተና የለም። ፈተና ከሌለ እኔ እወድቃለሁ" ብሎ ወደ ታች፣ ወደ እኛ፣ በፍርሃት አየ።

"እያጠቃለልኩ ነው" አለ ጋሽ ሸዋቀና። ግድግዳው አልቆበት ወደ ጽዱ እየጻፈ ሄደ።

ብረቱን አነሳሁ። እጄ ለምዶታል፣ እኔን አይጠይቀኝም። ቸርኬውን ስመታው ብረቱ ጠመኔ ሆኖ ተሰበረ። ሌላ ብረት አመጡልኝ፤ እሱም ጠመኔ ሆነ። የዳይሬክተሯን በር መቀርቀሪያ አመጡልኝ፤ እሱም ጠመኔ። ቸርኬው ፊቱ ነጭ በነጭ ሆኖ "እያላገጥክ ነው?" አለኝ።

በዚህ መሐል ወንበሩ መንኮራኩሩን አሾረና ወደ አራተኛ "ለ" በር ተንደረደረ። ሌላ የምይዝበት ዘዴ አልታየኝም። ሮጬ ተቀመጥኩበት።

"ተነስ" አለ ወንበሩ። "አንተ ስድስተኛ ክፍል ነህ። ታወርደኛለህ።"

"ስምንተኛ" አልኩት።

"ተነስ እኮ ነው የምልህ፣ ዲግሪዬ እየወረደ ነው።"

እውነቱን ነበር። ነርሷ ቴርሞሜትሩን ክንዱ ሥር ሰክታ ትቆጥራለች። ሠላሳ፣ ሃያ አራት፣ አሥራ አንድ። ወንበሩ እየበረደ ሄደ። መቀመጫዬ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ። ጋሽ ሸዋቀና የመጨረሻውን ቃል ጽፎ አራት ነጥቡን ማድረግ ጀመረ። እንደ እሱ አጻጻፍ እያንዳንዷ ነጥብ ድፎ ዳቦ ታክላለች። አንዷን አደረገ። ሁለተኛዋን አደረገ። ሦስተኛዋን አድርጎ ለአራተኛዋ ጎንበስ ሲል አንድ ሰው ትከሻዬን ያዘኝ።

"ሰውዬ። ሰውዬ። ተኝተሃል እንዴ?"

ናሆም ነው፤ በሁለት እግሩ መሬት ላይ ቆሟል። ክራቫቱ ወደ ታች ነው።

"ደወሉስ?"

ሰዓቴን አየሁ። ለስድስት አሥር ጉዳይ ይላል። ናሆምም ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከንፈሩ አመድ መሰለ።

"ሃምሳ ደቂቃ" አለ። "ሰዓት ማለት ደወሉ ነው ያልኩት ራሴ ነኝ፤ አሁን ብትደውል ነው የሚያልቀው።"

ብረቱን አንስቼ ቸርኬውን መታሁት፤ ቀስ ብዬ፣ እንደተለመንኩት።

መምህራኑ ወጡ። አብዛኞቹ ከጨረሱ ቆይተዋል፤ ከደወል በፊት የሚወጣ የለም ስለተባሉ ተቀምጠው ሲተያዩ ነበር። አንዱ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ አንኮራፍቷል። አንዷ የሹራቧን እጅጌ ተርትራ ጨርሳ እንደገና እየሠራችው ነበር። ጋሽ ሸዋቀና ከሁሉም ኋላ ወጣ። አሥራ አራት ተጨማሪ ወረቀት ተጠቅሟል። ቀለሙ እስከ ክርኑ ደርሷል። አጠገቤ ቆመና ጣቶቹን እያፍተለተለ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ።

"ዛሬስ ትንሽ ቸኮልክ ጥላዬ" አለኝ።

ሰኞ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ዘርትሁን አስጠሩኝ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ሕልም አይቼ ነው።"

"ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጅ ሕልም?"

"ረጅም ነው እትዬ። ወንበርም አለበት።"

"ተናገር" አሉኝ። ለእናንተ እንደነገርኳችሁ ነገርኳቸው። ወንበሩ ጋ ስደርስ ሳቃቸው አመለጣቸው። ምንትዋብ ጋ ስደርስ ግን መሳቁን ትተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሳቸውም የክረምት ተማሪ ናቸው፣ ማስተርስ ሊሠሩ ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። ሲጨርሱ ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። "የጻፍኩልህ ልትቀጣ ሳይሆን፣ ተቀጣ ተብሎ እንዲወራ ነው" አሉ። ገባኝ።

ደወሉንም ወሰዱብኝ። ግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ ደወል ተገጠመ፤ በራሱ ሰዓት ይጮኻል። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ትምህርት አያልቅም። በጥቅምት አንድ ማክሰኞ መብራት አራት ሰዓት ላይ ሄዶ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሦስተኛ ክፍሎች ስድስት ሰዓት ከግማሽ ሙሉ ስለ ከብት እርባታ ተማሩ። የተማረ ሰው የገጠመው ደወል ነውና ማንም ዝም ብሎ ውጡ አላላቸውም።

የጋሽ ሸዋቀና ውጤት ሐምሌ ላይ መጣ። አለፈ። ለጥቂት ነው፣ ግን አለፈ። የንብረት ክፍሉን ቁልፍ ለሌላ ሰው ሰጡት። አራተኛ "ለ" በር ላይ ስቆም ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማኛል፤ "ገባችሁ?" ይላል፣ አርባ ሦስቱም "አዎ" ይላሉ፣ ግማሾቹ ውሸታቸውን ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። እሺ፣ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ፤ ወይዘሮ ዘርትሁን ጆሮ እንዳትደርስ። የዚያን ቀን ከሦስት ሰዓት እስከ ለስድስት አሥር ጉዳይ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።